ምስክር ያለው ውጤት፦ 2⁶⁷ − 1 ለዛሬው ተመራማሪ የሚያስተምረው

147,573,952,589,676,412,927 ሃያ አንድ አሃዞች ያሉት ሙሉ ቁጥር ነው። ሁለት ስልሳ ሰባት ጊዜ ተጽፎ እርስ በርሱ ሲባዛና ከውጤቱ ላይ አንድ ሲቀነስ ይገኛል፤ በአጭሩም 2⁶⁷ − 1 ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ አንድ ቁጥር በሦስት የተለያዩ ዘመናት ሦስት ዓይነት ነገር ተነግሯል። በ1644 ብቸኛ ቁጥር ነው ተባለ፤ ምክንያት ግን አልቀረበም። በ1876 ብቸኛ አይደለም ተባለ፤ ምክንያቱ ቀረበ፣ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር ግን አልታወቀም። በ1903 አካፋዮቹ ራሳቸው ቀረቡ፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ አከራካሪ መሆኑ ቀረ። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ ለሒሳብ ትምህርት ማጣፈጫ እንዲሆን ይተረካል። ሆኖም ከማጣፈጫነት የሚያልፍ ቁም ነገር አለው። ሦስቱ አነጋገሮች ሦስት የዕውቀት ደረጃዎች ናቸው፦ ቃል፣ ማረጋገጫ እና ምስክር። ምስክር ሲባል ለማግኘት ብዙ ድካም የጠየቀ፣ ለማጣራት ግን ጥቂት ድካም የሚበቃው ማስረጃ ማለት ነው። የምርምር ውጤት ባብዛኛው ከኮምፒውተር በሚወጣበት በዛሬው ጊዜ፣ የድኅረ ምረቃ ጥናት በሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ መቅረት የለበትም፤ በተቻለው ሁሉ ሦስተኛውን ማቅረብ ይገባዋል። የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ነው።

ቃል

ማሪን መርሴን በ17ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ የኖረ መነኩሴ ነበር። ከዴካርት፣ ከፌርማና ከሌሎች የዘመኑ ሊቃውንት ጋር ይጻጻፍ ስለነበር፣ ሳይንሳዊ መጽሔቶች ገና ባልተጀመሩበት ወቅት የአንዱን ግኝት ለሌላው የሚያደርስ መገናኛ ሆኖ አገልግሏል። ከሁለት ርቢዎች ላይ አንድ በመቀነስ የሚገኙትን ቁጥሮች የመረመረውም ከጥንት የመጣ ጥያቄን ተከትሎ ነው። ግሪካዊው ኤውክሊድ፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ አካፋይ ከሌለው፣ ፍጹም የሚባል ቁጥር እንደሚያስገኝ አሳይቶ ነበር። ፍጹም ቁጥር ከራሱ በታች ያሉት አካፋዮቹ ሲደመሩ ራሱን የሚሰጡት ነው፤ 6 የ1፣ የ2 እና የ3 ድምር ነው፤ 28 ደግሞ የ1፣ የ2፣ የ4፣ የ7 እና የ14 ድምር ነው። ከ3 የ6፣ ከ7 የ28፣ ከ31 ደግሞ የ496 ፍጹምነት ይገኛል።

ከሁለት ራስጌ የሚጻፈው ቁጥር፣ ማለትም አርቢው፣ ራሱ ብቸኛ ካልሆነ ውጤቱም ብቸኛ ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ 2⁶ − 1 ወይም 63፣ በ2² − 1 እና በ2³ − 1፣ ማለትም በ3 እና በ7 ይካፈላል። አርቢው ብቸኛ መሆኑ ግን አይበቃም፤ 11 ብቸኛ ቁጥር ሲሆን፣ 2¹¹ − 1 ወይም 2,047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ስለዚህ የትኛው ብቸኛ አርቢ ብቸኛ ቁጥር እንደሚሰጥ እያንዳንዱን መመርመር ያስፈልጋል።

መርሴን በ1644 ባሳተመው መጽሐፍ እስከ 257 ካሉት አርቢዎች መካከል ብቸኛ ቁጥር የሚሰጡት 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 13፣ 17፣ 19፣ 31፣ 67፣ 127 እና 257 ብቻ ናቸው ሲል ጻፈ። ማረጋገጫ አላቀረበም፤ በዘመኑ በነበረው የስሌት ዐቅምም ሊያቀርብ አይችልም ነበር። የ2⁶⁷ − 1 ስኩዌር ሩት ከ12 ቢሊዮን በላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች ደግሞ ከ500 ሚሊዮን ይበልጣሉ። ሁሉንም በእጅ እያካፈሉ መሞከር ከሰው ዕድሜ በላይ ነው።

ዝርዝሩ አምስት ስሕተቶች ነበሩበት። 67 እና 257 ያለ ቦታቸው ገብተዋል፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ተዘልለዋል። ስሕተቶቹ ተለቅመው እስኪያልቁ ሦስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል። 61 መዘለሉን በ1883 ያረጋገጠው ኢቫን ፐርቩሺን የሩሲያ ቄስ ነበር፤ 89 እና 107 በ1911 እና በ1914 ተጨመሩ። እዚህ ላይ መርሴንን መውቀስ አያስፈልግም። ሊታሰብበት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ ስመ ጥር ሰው የተናገረው ቃል፣ የሚያጣራው ሰው እስኪገኝ ድረስ፣ በዕውቀት ስም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲተላለፍ ይኖራል።

ማረጋገጫ

በ1876 ፈረንሳዊው ኤድዋር ሉካ የጥያቄውን መልክ ለወጠው። አካፋይ ሳይፈልጉ የቁጥሩን ብቸኝነት የሚመረምር ዘዴ አገኘ፤ በዚሁም መንገድ 2¹²⁷ − 1 ብቸኛ መሆኑን፣ 2⁶⁷ − 1 ግን አለመሆኑን አስታወቀ። ዘዴውን በኋላ አሜሪካዊው ዴሪክ ሄንሪ ሌመር አቃልሎ ዛሬ የሉካ–ሌመር ፈተና በሚባለው መልክ አስቀመጠው።

የፈተናው አሠራር በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይገለጻል። ከ4 ይነሣል፤ ቁጥሩ በራሱ ይባዛል፤ ከብዜቱ ላይ 2 ይቀነሳል፤ የተገኘው በሚፈተነው ቁጥር ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይያዛል። ይህ ድርጊት ከአርቢው በሁለት ላነሰ ጊዜ ይደጋገማል። የመጨረሻው ቀሪ ዜሮ ከሆነ የተፈተነው ቁጥር ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። ለ31፣ ማለትም ለ2⁵ − 1፣ ሦስት ርምጃ ይበቃል፦ 4፣ 14፣ 8፣ 0። ስለዚህ 31 ብቸኛ ነው። ለ2,047 ደግሞ ዘጠኝ ርምጃዎች ያስፈልጋሉ፦ 4፣ 14፣ 194፣ 788፣ 701፣ 119፣ 1,877፣ 240፣ 282፣ 1,736። የመጨረሻው ዜሮ ስላልሆነ 2,047 ብቸኛ አይደለም።

በዚህ በሁለተኛው ምሳሌ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። 1,736 የሚባለው ቀሪ ስለ 23ም ሆነ ስለ 89 የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። አካፋይ እንዳለ ይመሰክራል፤ ማን እንደሆነ ግን አይጠቁምም። ሉካም ስለ 2⁶⁷ − 1 የነበረው ዕውቀት ይህን የመሰለ ነበር። ንድፈ ሐሳቡ እጅግ ጥልቅ ነው፤ አካፋዩን ሳያዩ መኖሩን ማወቅ ከሒሳብ ታላላቅ ድሎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ውጤቱን ለማመን የሚሻ አንባቢ ሁለት ምርጫ ብቻ ነበረው፦ ወይም የሉካን ስሌት ማመን፣ ወይም ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መድገም። ዛሬ ባለው የፈተና መልክ እንኳ ለ67 ስልሳ አምስት ርምጃ ያስፈልጋል፤ በየርምጃው እስከ ሃያ አንድ አሃዝ የሚደርስ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ እንደገና በሃያ አንድ አሃዝ ቁጥር ይካፈላል።

ከዚህም የሚብስ ድክመት አለ፤ ባብዛኛው ሳይስተዋል የሚታለፈውም እርሱ ነው። በስሌቱ መካከል አንድ አሃዝ ብትሳሳት ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛባል፤ የመጨረሻው ቀሪም የትኛውም ቁጥር ሊሆን ይችላል። በአጋጣሚ ዜሮ የመሆኑ ዕድል እጅግ ኢምንት ነው። ስለዚህ ዜሮ ሲገኝ ስሌቱ ትክክል ስለመሆኑ ዜሮው ራሱ ጠንካራ ምልክት ይሆናል። ዜሮ ያልሆነ ቀሪ ግን ከሁለት በአንዱ ሊመጣ ይችላል፦ ከቁጥሩ ባሕርይ ወይም ከሠሪው ስሕተት። «ብቸኛ አይደለም» የሚለው ፍርድ ስሕተትም በራሱ የሚሰጠው ፍርድ ነው። ሉካ ስለ 2⁶⁷ − 1 የሰጠው ፍርድ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ከአንባቢው አንጻር ሲታይ ግን ከስሕተት ተለይቶ የሚታወቅበት ውጫዊ ምልክት አልነበረውም።

ምስክር

ይህን ክፍተት የዘጋው በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራንክ ኔልሰን ኮል ነው። በጥቅምት 1903 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ጉባኤ ላይ የሚከተለውን አቀረበ፦

2⁶⁷ − 1 = 193,707,721 × 761,838,257,287

የሒሳብ ታሪክ ጸሐፊው ኤሪክ ቴምፕል ቤል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ እንደተረከው፣ ኮል ወደ ሰሌዳው ሄዶ አንድም ቃል ሳይናገር በአንድ ወገን የ2⁶⁷ − 1ን ዋጋ አስልቶ ጻፈ፤ በሌላ ወገን ሁለቱን ቁጥሮች በእጁ አባዛ፤ ሁለቱ ውጤቶች እኩል ሲሆኑ ወደ መቀመጫው ተመለሰ፤ ጉባኤውም አጨበጨበለት። ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀበት በኋላ ሲጠየቅም የሦስት ዓመት እሑዶችን መልሶ ነበር ይባላል። ትረካው ከጊዜ ብዛት ሳይዋብ አይቀርም፤ ኮል በማኅበሩ ቡለቲን ላይ ያሳተመው ጽሑፍ የአፈላለግ ዘዴውን በቃላት የሚያብራራ ነውና። የትረካው ፍሬ ነገር ግን አይነካም፦ የሦስት ዓመት ድካም ውጤት ከአንድ ማባዛት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በማንም ሰው ሊጣራ ቻለ።

ምስክሩን ማጣራት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ለማየት የቁጥሩን ባሕርይ ትንሽ መመርመር ይበጃል። አንድ ብቸኛ ቁጥር 2⁶⁷ − 1ን ያለ ቀሪ ካካፈለ፣ 2⁶⁷ በእርሱ ሲካፈል ቀሪው 1 ነው። 67 ብቸኛ በመሆኑ ከዚህ ያነሰ ርቢ ቀሪ 1 ሊሰጥ አይችልም፤ በፌርማ ትንሹ ቲዎረም መሠረትም 67 ከአካፋዩ በአንድ የሚያንሰውን ቁጥር ማካፈል አለበት። አካፋዩ ጎዶሎ ስለሆነ ያ በአንድ ያነሰ ቁጥር ደግሞ ተጋማሽ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ብቸኛ አካፋይ «የ134 ብዜት ሲደመር 1» የሚል መልክ አለው። የኮል ቁጥሮችም ይህን ያሟላሉ፤ የመጀመሪያው 134 × 1,445,580 + 1፣ ሁለተኛው 134 × 5,685,360,129 + 1 ነው።

ተጨማሪ ገደብም አለ። 2⁶⁷ ቀሪው 1 ከሆነ 2⁶⁸ ቀሪው 2 ነው፤ 2⁶⁸ ደግሞ የ2³⁴ ስኩዌር ነው። 2 በዚህ አካፋይ አንጻር የስኩዌር ቀሪ ሆነ ማለት ነው፤ ይህም አካፋዩ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 7 ብቻ እንዲሆን ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት ከዕጩዎቹ ግማሹ ያለ ምንም ማካፈል ይወድቃል። የኮል የመጀመሪያ ቁጥር በ8 ሲካፈል 1፣ ሁለተኛው 7 ይተርፈዋል።

193,707,721 በእርግጥ አካፋይ መሆኑን ለማየት ሃያ አንድ አሃዙን ቁጥር መጻፍም የግድ አይደለም። 67 ሲጋመስ 33፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ይሆናል፤ ስድስት ጊዜ ማጋመስ ነው። ይህን መንገድ ወደ ኋላ እየተከተሉ ስድስት ጊዜ ቀሪን በራሱ ማባዛትና በሁለት ቦታ ላይ አንድ ጊዜ እጥፍ ማድረግ 2⁶⁷ በ193,707,721 ሲካፈል የሚተርፈውን ይሰጣል፤ ውጤቱም 1 ነው። የአሠራሩ ሐሳብ በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» እየተባለ ከሚጠራው የማጋመስና የማጠፍ ዘዴ ጋር አንድ ነው፤ እዚያ የሚደመረው እዚህ ይባዛል፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

የሁለቱ አካፋዮች ብቸኝነትስ? አንድ ማባዛት 2⁶⁷ − 1 ብቸኛ አለመሆኑን ያሳያል እንጂ ሁለቱ ቁጥሮች ከዚያ በላይ የማይተነተኑ መሆናቸውን አያሳይም። እዚህም የቁጥሩ ባሕርይ ይረዳል። የ193,707,721 አካፋይ ሁሉ የ2⁶⁷ − 1ም አካፋይ ስለሆነ ከላይ የተጠቀሱት ገደቦች ይይዙታል። የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ከ13,918 ያነሰ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ሁለቱን ገደቦች የሚያሟሉት ዕጩዎች 51 ብቻ ናቸው። ሃምሳ አንድ ማካፈል ትዕግሥት ላለው ተማሪ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለሁለተኛው አካፋይ ዕጩዎቹ 3,257 ይሆናሉ፤ ይህ በእጅ ቢያደክምም ለማንኛውም ኮምፒውተር ኢምንት ነው። በጠቅላላው ግን ማጣራቱ ከመፈለጉ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ምስክር አልባው ደረጃ ምን ያህል ሊቆይ እንደሚችል ደግሞ 2²⁵⁷ − 1 ያሳያል። ብቸኛ አለመሆኑን ሌመር በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ አረጋግጦ ነበር። የመጀመሪያው አካፋዩ 535,006,138,814,359 የታወቀው ግን በ1970ዎቹ ማብቂያ ገደማ ነው። በመካከሉ ባለው ጊዜ ሁሉ የሌመርን ፍርድ ለማጣራት የነበረው መንገድ ስሌቱን መድገም ብቻ ነበር።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ሉካን የሚደግፍ ነው። ኮል ያደረገው የጉልበት ሥራ ነው፤ የሉካ ንድፈ ሐሳብ ግን እስከ ዛሬ ሕያው ሆኖ ይሠራል፤ ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? ይህ ተቃውሞ እውነት አለው። ሁለቱ አካፋዮች 2⁶⁷ − 1 ለምን ብቸኛ እንዳልሆነ አያብራሩም፤ ስለ ቀጣዩ ቁጥርም የሚነግሩት የለም። ይሁን እንጂ ንድፈ ሐሳብና ምስክር ተቀናቃኞች አይደሉም። ንድፈ ሐሳቡ ማስተዋልን ይሰጣል፤ ምስክሩ ደግሞ በዚህ ቁጥር ላይ ንድፈ ሐሳቡ በትክክል ተሠርቶበት እንደሆነ ይለያል። ዘዴው ትክክል መሆኑ ዘዴውን የተከተለው ሰው ሁሉ እንዳልተሳሳተ ዋስትና አይሆንም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ሁሉም እውነት አጭር ምስክር የለውም የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ የለም የተባለው ምስክር ተፈልጎ ተገኝቷል። ለረጅም ጊዜ አንድ ቁጥር ብቸኛ አለመሆኑ አጭር ምስክር ሲኖረው፣ ብቸኛ መሆኑ ግን የሌለው ይመስል ነበር። ቮን ፕራት በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር በአጭር ጊዜ የሚጣራ ምስክር ማዘጋጀት እንደሚቻል አሳየ። በ2002 ደግሞ በሕንድ አገር በካንፑር የቴክኖሎጂ ተቋም ማኒንድራ አግራዋል፣ ኒራጅ ካያልና ኒቲን ሳክሴና የማንኛውንም ቁጥር ብቸኝነት በእርግጠኝነትና በተመጠነ ጊዜ የሚለይ አልጎሪዝም አቀረቡ። ከሦስቱ ሁለቱ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ገና የጨረሱ ወጣቶች ነበሩ። ሥራቸው ግዙፍ ኮምፒውተር የሚጠይቅ ባለመሆኑና ማረጋገጫው አጭር በመሆኑ፣ የዓለም ባለሙያዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ አንብበው ሊቀበሉት ችለዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ምስክር ማዘጋጀት በተማሪው ላይ ተጨማሪ ሸክም ይሆናል ይባላል። በተግባር ሲታይ ግን ምስክሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሥራው ጋር አብሮ ይገኛል፤ ችግሩ ሪፖርቱ ሲጻፍ መጣሉ ነው። ኮል አካፋዮቹን አግኝቶ ሲያበቃ «ብቸኛ አለመሆኑ ተረጋግጧል» ብቻ ብሎ ቢጽፍ ኖሮ የሦስት ዓመት ድካሙን ወደ ሉካ ደረጃ መልሶ ባወረደው ነበር። ዛሬ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው።

ዛሬ ላይ ያለው ፋይዳ

በማግኘትና በማጣራት መካከል ያለው ርቀት በዚህ ዘመን እጅግ ሰፍቷል። በ2020 አርኤስኤ-250 የሚባለው ባለ 250 አሃዝ ቁጥር ወደ ሁለት ብቸኛ አካፋዮች ሲተነተን፣ ለአንድ የኮምፒውተር ኮር ቢሰጥ 2,700 ዓመት ያህል የሚፈጅ ስሌት ተከናውኗል። ሁለቱን አካፋዮች መልሶ ማባዛት ግን ለተራ የእጅ ስልክ እንኳ ቅጽበት አይፈጅበትም። የባንክና የመልእክት ምስጢር ከሚጠበቅባቸው ዘዴዎች አንዱ የተመሠረተው በዚሁ ርቀት ላይ ነው።

የመርሴንን ቁጥሮች በፈቃደኞች ኮምፒውተሮች የሚፈልገው ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት የሉካን ድክመት በራሱ ላይ አይቶታል። በጥቅምት 2024 ያስታወቀው 2¹³⁶²⁷⁹⁸⁴¹ − 1 የተባለው ብቸኛ ቁጥር 41,024,320 አሃዞች አሉት። እንዲህ ያለ ግኝት በተለያዩ መሣሪያዎችና ፕሮግራሞች እየተደገመ ይጣራል። ትልቁ ችግር ግን ብቸኛ አይደሉም ተብለው በሚጣሉት እልፍ ቁጥሮች ላይ ነው፤ አንድ የተበላሸ የማስታወሻ ቺፕ ብቸኛውን ቁጥር ሳይታወቅ ሊያስጥል ይችላልና። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት እያንዳንዱ ስሌት በሌላ ሰው ኮምፒውተር ሁለተኛ ጊዜ ይደገም ነበር። ከ2020 ወዲህ ግን ፈተናው ሲካሄድ አብሮ የሚዘጋጅ የማረጋገጫ ፋይል ሥራ ላይ ውሏል፤ ሌላው ኮምፒውተር ከዋናው ሥራ እጅግ ባነሰ ድካም ውጤቱን ያጣራል። ሙሉ ድግግሞሽ በምስክር ተተካ ማለት ነው።

ይህ ልምድ በቁጥር ንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ስለ ዕቃ ማጓጓዣ መሥመር የሚያጠና ተማሪ በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ዝቅተኛውን ወጪ አገኘሁ ካለ፣ የመፍትሔውን ጥምር፣ ማለትም የዱዋል ችግሩን መፍትሔ፣ አብሮ ቢያቀርብ አንባቢው በመደመርና በማባዛት ብቻ ከዚያ ያነሰ ወጪ እንደማይገኝ ያያል። የፈተና መርሐ ግብርን በግራፍ ቀለም አቀባብ የሚያጠና ተማሪ ቀለማቱን በሠንጠረዥ ካስቀመጠ ሁለት የሚጋጩ ፈተናዎች በአንድ ሰዓት አለመዋላቸውን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። የማትሪክስ አይገንቫልዩ ያሰላ ሰው አይገንቬክተሩን ቢያያይዝ አንድ ማባዛት ይዳኘዋል። በእነዚህ ሁሉ ምስክሩ ቀድሞ በኮምፒውተሩ ውስጥ አለ፤ የሚጎድለው በጽሑፉ ውስጥ ቦታ መስጠት ነው።

ጉዳዩ በተለይ አነስተኛ የስሌት ዐቅም ባላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ለሚሠሩ ተመራማሪዎች የፍትሕ ጉዳይም ነው። ውጤት የሚጣራው በመድገም ብቻ ከሆነ፣ ዳኛ መሆን የሚችለው ያንኑ ያህል መሣሪያ ያለው ብቻ ነው፤ ሌላው ሊያምን ወይም ሊጠራጠር እንጂ ሊመዝን አይችልም። ምስክር ሲኖር ግን በአሮጌ ላፕቶፕ የሚሠራ ተማሪ የታላላቅ ማዕከላትን ውጤት መርምሮ ይቀበላል ወይም ይጥላል። በአንጻሩም እርሱ ያገኘው ውጤት ምስክር ካለው፣ ከየት እንደመጣ ሳይታይ በራሱ ይቆማል። ፈታኙም ቢሆን ባለው ጥቂት ጊዜ የተማሪውን ኮድ ሁሉ ሊያስኬድ አይችልም፤ ምስክሩን መመርመር ግን ይችላል።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች በስሌት ላይ ከተመሠረተ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለይተው ቢጠይቁ ይበጃል። አንደኛ፣ ውጤቱ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በየትኛው ዘዴ ተገኘ? ሦስተኛ፣ ዘዴውን ያልደገመ ሰው ውጤቱን በምን ያጣራል? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለባቸው ሥራዎች ይኖራሉ፤ እነርሱም ዋጋ አላቸው። ምስክር አለመኖሩ ግን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ስሌቱ ስንት ጊዜ፣ በስንት የተለያዩ መንገዶች እንደተደገመም አብሮ መገለጽ ይኖርበታል። አንባቢው የቆመው በቃል ላይ ይሁን፣ በማረጋገጫ ላይ ይሁን፣ ወይስ በምስክር ላይ፣ ማወቅ ይገባዋል።

መርሴን በሰጠው ቃል ላይ እርማት ለመጨመር ሁለት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት ፈጀ። በሉካ ማረጋገጫ ላይ ምስክር ለመጨመር ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። ኮል ካቀረባቸው ሁለት ቁጥሮች ወዲህ ግን በ2⁶⁷ − 1 ላይ የሚጠራጠር ሰው የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እርሳስና ጥቂት ትዕግሥት ብቻ ነው። ዘጠኝ አሃዝ ያለውን ቁጥር አሥራ ሁለት አሃዝ ባለው ማባዛት የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም፤ ያንን የሞከረ ሁሉ ማንንም ማመን ሳያስፈልገው ወደ አንድ መልስ ይደርሳል።